የጅቡቲው ሳጥን፦ የልጅነት ኮሚኮቼን የማደስ ሥራ ማስታወሻ

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሳጥኑ ዛሬ ወረደ። እማዬ ቤት ቁምሳጥኑ አናት ላይ ስንት ዓመት አቧራ ሲጠጣ የኖረ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ አባዬ በሹፌርነቱ ዘመን ልብሱን ይይዝበት የነበረ፣ በኋላ ለኔ የተሰጠኝ። ማጠፊያው ዝጎ ተጣብቋል፣ በፒንሳ ነው የከፈትኩት። ሽታው ብቻ በቃ 10 ዓመት ልጅ አረገኝ። 4 ትልልቅ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ቲንቲን የሚባለው ኮሚክ መጽሐፎች፣ 11 ደሞ ኪስ የሚገቡ ጥቁርና ነጭ ኮሚኮች፣ ሁሉም በፈረንሳይኛ። ከስር ሶስት ብይ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ የተጠፈጠፈ ቆርኪ፣ እና እንደ ፈንድሻ የተበተነ ቁርጥራጭ ወረቀት።

ቁርጥራጩን ሳይ ነው ይሄን ነገር እንደ ቀላል ላየው እንደማልችል የገባኝ። አዳማ ላይ የፈረንሳይኛ ኮሚክ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ አባዬ በፊት የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እሱም አብሮ ዞረ። በአዋሽ በገዋኔ በሚሌ አድርጎ በጋላፊ ይወጣል፣ ሲመለስ አሮጌ ኮሚክ ይዞልኝ ይመጣል፣ እዛ ፈረንሳይኛ ስለሚነገር የሚገኘው በፈረንሳይኛ ነው። እኛ ሰፈር ደሞ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚ እኛው ጻፍነው። ከደብተር ላይ ወረቀት በምላጭ እየቆረጥን፣ በእርሳስ አማርኛ እየጻፍን፣ ሰዎቹ የሚያወሩበት ነጩ ሳጥን ላይ በዱቄት ሙጫ እንለጥፍ ነበር። የሰፈር ልጅ ሁሉ የጻፈበት ነው፣ አምስት ስድስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አለበት። አሁን ሙጫው ደርቆ ግማሹ ረግፏል። የረገፈውን ቆጠርኩት፣ 61 ቁራጭ።

የማረገው እንግዲህ ይሄ ነው፣ መጽሐፎቹን ማጽዳት፣ የተቀደደውን መጠገን፣ 61ዱንም ቁራጭ ቦታው መመለስ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምሠራው። እየሠራሁ እጽፋለሁ።

ጥር 4፣ እሁድ

መጀመሪያ ብሉን መግደል አለብኝ። የዱቄት ሙጫ ለብል ግብዣ ማለት ነው፣ ሙጫው ያለበትን ቦታ እየመረጠ ነው የበላው፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የንግግር ሳጥኑን ቅርጽ ተከትሎ ቀዳዳ አውጥቷል። መርዝ መንፋት አልፈለኩም፣ ልጆች ናቸው የሚነኩት። ያለው ዘዴ ማቀዝቀዝ ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በፌስታል ውስጥ አየሩን አስወጥቼ፣ በስኮች አሽጌ ፍሪዘር። ቢያንስ 2 ሳምንት መቆየት አለበት፣ ብሉ ቢሞት እንቁላሉ እንዳይተርፍ።

እማዬ ፍሪዘሩን ከፍታ የጥምቀት ሥጋዬን የት ላርገው አለች። ታችኛውን መሳቢያ ተስማማን። ቁርጥራጮቹን ግን ከማቀዝቀዜ በፊት አንድ በአንድ ፊትና ጀርባቸውን በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ጀርባቸው ላይ ያለው የደረቀ ሙጫ ቅርጽ በኋላ እንደሚጠቅመኝ ገምቻለሁ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ዛሬ ሥራ የለም። ታቦቱ ከገባ በኋላ ግን ሦስቱን ብይ በኪሴ ይዤ ወጣሁና የሰፈሩን ልጆች ማን ብይ ይጫወታል አልኳቸው። የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ስልክ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ግን መሬቱም ነው። በኛ ጊዜ በራችን ፊት ያለው አፈር ነበር፣ በተረከዝ አንዴ ዞር ስትል ጉድጓድ ይወጣል። አሁን ኮብልስቶን ነው። መኪና አቧራ አያስነሳም፣ ክረምት ጭቃ የለም፣ ለእናቶቻችን ትልቅ ነገር ነው። ብይ ግን ኮብልስቶን ላይ አይሄድም፣ ድንጋዩ መሃል ገብቶ ይቀራል።

ከአጥሩ ስር አንድ ክንድ የምታህል አፈር አገኘንና እዛ ጉድጓድ ቆፈርኩላቸው። እኛ ስንጫወት መስመር ይሰመራል፣ ሁሉም ከመስመሩ ወደ ጉድጓዱ ይወረውራል፣ ለጉድጓዱ የቀረበው ይጀምራል። ጉድጓድ ያልገባ ብይ መምታት አይችልም። ከገባህ በኋላ ነው በአውራ ጣት ፈንጥረህ የሰውን ብይ የምትመታው፣ ከመታኸው በላኸው ነው። የምትመታበትን ብይ ለብቻ ነው የምትይዘው፣ ጓደኛም ቢለምንህ አትሰጥም። እኔ ወንዝ የመሰለ ሰማያዊ መስመር ውስጡ ያለው አንድ ነበረኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሶስቱ አንዱ እሱ ነው።

የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ብይ በላችኝ። አጎቴ ደሞ እንጫወት፣ አለች።

ኮሚክና ብይ ለኛ አንድ ነገር ነበሩ። አንድ ትልቅ ቲንቲን ለአንድ ቀን ማደሪያ መዋስ በ10 ብይ፣ ትንሹ በ3። ብይ የሌለው በቆርኪ ይከፍላል፣ ግን የተጠፈጠፈ ቆርኪ ነው የሚቀበሉት። ቆርኪ በድንጋይ ብትጠፈጥፈው ጫፉ ይሸራረፋል፣ ምርጡ ባቡር የሄደበት ነው። በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር በከተማችን መሃል ነበር የሚያልፈው፣ ሀዲዱ ጠባብ ነው፣ በሁለቱ ብረት መሃል 1 ሜትር ብቻ። ቆርኪውን ሀዲዱ ላይ አሰልፈን ራቅ ብለን ቁጢጥ እንላለን፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላ እያቃጠለን እንለቅማለን። እንደ ሳንቲም ልስልስ ብሎ ይወጣል። መሃሉን በሚስማር ሁለት ቦታ በስተን ክር አስገብተን ስንስበው ዝዝዝ እያለ ይሽከረከራል። እናቶቻችን ሀዲድ ዳር ካገኙን ግን ወየው። አሁን ያ ባቡር የለም፣ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ደሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚሄደው።

ጥር 12 ሰኞ ማታ እና 13 ጠዋት

ሙጫ ሠራሁ። ከሱቅ የሚገዛ ሙጫ አልፈለኩም፣ አብዛኛው ከደረቀ በኋላ አይላቀቅም፣ ከኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ማስተካከል ቢፈልግ ወረቀቱን ይቀደዋል። የስንዴ ስታርች ግን በውሃ ይለቃል። የስንዴ ሊጥ አቡክቼ አንድ ሰዓት አሳረፍኩት፣ ከዛ ሳፋ ውሃ ውስጥ አሸሁት። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፣ እጅህ ላይ የሚቀረው እንደ ማስቲካ የሚሳበው ግሉተን ነው፣ እሱን ጣልኩት፣ ብል የሚስበው በተለይ እሱ ነው ይባላል። ነጩን ውሃ ሌሊቱን አሳደርኩት።

ጠዋት ላይ ከላይ ያለው ውሃ ጠሏል፣ ስታርቹ ታች ጠጥሮ ተቀምጧል፣ ውሃውን ደፍቼ አደረቅሁት። ልክ 1 እጅ ስታርች ለ5 እጅ ውሃ፣ በዝግታ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል፣ ነጭ የነበረው ገርጥቶ ብርሃን ማስተላለፍ ሲጀምር ይወጣል። ሲቀዘቅዝ በሻይ ማጥለያ ሁለቴ አሳለፍኩት። የመጀመሪያው ጓጎለብኝ፣ እሳት አብዝቼ ነው፣ ሁለተኛው አማረ።

ለመጠገኛ ወረቀት ቀጭን ሆኖ ረጅም ቃጫ ያለው ነገር ያስፈልጋል። የሻይ ከረጢት ወረቀት ሞከርኩ፣ ሽቦ ያለው የሚታጠፈው ዓይነት፣ በሙቀት የተጣበቀው ዓይነት ግን ፕላስቲክ ስላለበት አይሆንም። ሻዩን ደፍቶ ማጠብ፣ ማድረቅ። ሲርስ የማይበጣጠሰው የሚሠራበት ቃጫ ጠንካራ ስለሆነ ነው። መቀስ አልጠቀምም፣ በብሩሽ ውሃ መስመር አስምሬ እጎትተዋለሁ፣ ጠርዙ ጸጉር ጸጉር ሲል ከገጹ ጋር ይዋሃዳል።

ጥር 18 እና 19

እሁድ ከፍሪዘር አወጣሁ ግን ፌስታሉን አልከፈትኩም። ወዲያው ብትከፍተው ብርጭቆ እንደሚያልበው ወረቀቱም ያልበዋል። ሰኞ ማታ ከፈትኩ። የሞተ ብል ብቻ።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ውጭ ጠረግኩ። ከዛ በላጲስ ማጽዳት ነው የሚቀጥለው፣ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚያረገው፣ የጣት እድፍ በላጲስ ይለቃል። ግን እኛ በእርሳስ ነው የጻፍነው! ላጲሱን አንስቼ ቁጭ አልኩ። ጠርዙ ላይ ሁሉ ትንንሽ ጽሑፍ አለ፣ «ረጅሙ 4 ብይ»፣ «እስከ ሐሙስ»፣ «ተመልሷል»፣ ከስሩ ጥፍር የምታህል ፊርማ። የውሰት መዝገባችን ነው። ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ ነው የሚመስለው። ስለዚ ላጲስ የገባው ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው፣ ጠርዙ እድፉም እንዳለ ይቀመጥ ብያለሁ። የሚያምር መጽሐፍ አይወጣውም፣ ግድ የለም። ንጹሕ ቲንቲን የፈለገ ከመጽሐፍ ቤት ይገዛል፣ የነዚህ ልጆች ጽሑፍ ያለበት ግን እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ጥር 25፣ እሁድ

ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ መግጠም። የእህቴ ልጅ ረዳቴ ናት፣ እኔ ከምችለው በላይ ትችላለች። እኔ የሙጫውን ቅርጽ ነው የማየው፣ ከቁራጩ ጀርባ ያለው ፎቶና ገጹ ላይ የቀረው ቡናማ ምልክት ሲገጥም አበቃ። እሷ ግን ፊት ነው የምታየው። «አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ ተቆጥቷል፣ ስለዚ 'ጎማውን ማን አስተነፈሰው' ያለው እሱ ነው» ትላለች፣ ስናመጣው ልክ ነው።

ጽሑፉን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፣ ያኔ ሳናስበው የጻፍነው ማለት ነው። ካፒቴኑን ሹፌር አርገነዋል፣ ቲንቲንን ረዳት። ውሻው በፈረንሳይኛው ሚሉ ነው፣ በእንግሊዝኛው ስኖዊ፣ እኛ ጋ ቡቺ። መርከብ ላይ ናቸው ግን የሚያወሩት ስለ ጭነት ነው። አንዱ ቦታ ባህር ላይ ማዕበል ተነስቶ ካፒቴኑ «ቶሎ በል ሳይመሽ ጋላፊ እንግባ» ይላል። ሌላው ጋ ቲንቲን ብቻውን በረሃ ላይ ቆሞ «እማዬ ትጨነቃለች» ይላል። ይቺ የኔ ጽሑፍ ናት፣ መ ላይ የማረጋት ጠመም ያለች ነገር አለች። አባዬ ሳምንት ሲቆይ ቤታችን የሚባለውን ነው የጻፍኩት። ዛሬ አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር፣ መነጽሩን አርጎ አነበባት፣ መልሶ አነበባት፣ ከዛ ሻይ አምጡልኝ አለ።

ሥዕሉም የረዳን ይመስለኛል። የቲንቲን ሠዓሊ ኤርዤ ሲስል ጥላ አያበዛም፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ነው፣ የሰውዬው ፊት ሁለት ነጥብና አንድ መስመር ሆኖ ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ። አንድ ቃል ሳናነብ ታሪኩን መከተል የቻልነው ለዛ ነው።

በቀኑ መጨረሻ 61ዱ ውስጥ 52 ገጠመ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጥሩ ቀን አልነበረም። አንደኛው ቲንቲን ጀርባው ላይ ያኔ የለጠፍነው ስኮች አለ፣ ፕላስቲኩ ደርቆ ተነስቷል፣ ሙጫው ግን ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። በእህቴ የጸጉር ማድረቂያ በትንሹ አሙቄ ፕላስቲኩን ሳነሳ ቸኮልኩና የሽፋኑን ቀለም አብሬ ላጥኩት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። ልቤ ነው የተላጠው። የተረፈውን ስኮች እንዳለ ተውኩት፣ ሳይላቀቅ ቢኖር ይሻላል።

የጠገንኳቸውን ገጾች ደሞ በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ አስጥቼ ነበር፣ ፀሐይ እንዳያገረጣቸው ብዬ። ፀሐዩን አሰብኩ፣ ነፋሱን ረሳሁ። በጥር በየካቲት የአዳማ ነፋስ ምን እንደሆነ ለአዳማ ሰው አይነገርም፣ መብራት የሚያመነጩት እነዛ ትልልቅ ነጫጭ መዘውሮች ዳገቱ ላይ የተተከሉት በምክንያት ነው። 3 ገጽ አጥር ዘሎ ጎረቤት ግቢ ገባ። ልጆቹ ሮጠው አመጡልኝ፣ አንዷ ጫፏ ታጠፈች እንጂ ደህና ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ማድረቅ ቤት ውስጥ ነው፣ በሁለት ካርቶን መሃል፣ ከላይ ክብደት።

የካቲት 2፣ እሁድ

የቀረው 9 ቁራጭ። አራቱን በልጅቷ ዓይን አገኘን፣ አራቱ ብል የበላቸው ገጾች ላይ የነበሩ ናቸው፣ ለብቻ ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ግን የትም አይገባም። ጀርባው ላይ ሙጫ የለውም። ጽሑፉ የረጅሙ ነው፣ ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ልጅ ነበር፣ እንደዚህ ይላል፣ «7 ብይ ሲከፈል ይመለሳል።»

ምኑ ነው የሚመለሰው? ከዛ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። የቲንቲን መጽሐፍ ታሪኩ 62 ገጽ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1942 ጀምሮ የተለመደው መጠን እሱ ነው፣ የወረቀት ችግር በነበረበት በጦርነቱ ጊዜ የመጣ። ማተሚያ ቤት 16 ገጽ፣ 16 ገጽ እያረገ ያጥፈዋል፣ 4 እጥፍ 64 ይሆናል፣ 2ቱ ለርዕሱ ይውላል። የኔ አንዱ መጽሐፍ 58 ብቻ ነው ያለው። የጎደለው ከ21 እስከ 24፣ ልክ የሁለተኛው እጥፍ መሃለኛ ወረቀት። አንድ ወረቀት ነው የወጣው፣ አልተቀደደም፣ ክሩን አላልተው አውጥተውታል።

እኔ ነኝ ያወጣሁት። ክረምት ነበር፣ እነሱ ቤት በረንዳ ላይ፣ ረጅሙ 7 ብይ በላኝና የምከፍለው አልነበረኝም፣ ሰማያዊዋን አልሰጥም ብዬ አለቀስኩ፣ መጽሐፉን ሙሉ አልሰጥም አልኩ፣ እሱ ነው መሃሉን ስጠኝ መያዣ ይሁን ያለው። ከዛ ትምህርት ተከፈተ፣ ሌላ ጨዋታ መጣ፣ የነሱ ቤት ትልቁ ልጅ ድሬዳዋ ሲሄድ ረጅሙም አብሮ ሄደ።

ደወልኩለት። ስንት ዓመት ሆኖናል። ስለ ወረቀቱ ስነግረው ዝም አለ፣ ከዛ «እማዬን ጠይቃት፣ ሰርቪሱ ውስጥ ይመስለኛል» አለኝ።

የካቲት 9፣ እሁድ

ሰርቪሱ የጭቃ ቤት ነው፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ። እናቱ እትዬ በሩን ከፍተውልኝ መብራት አበሩ። ጋዜጣ፣ ካላንደር፣ የስኳር ከረጢት፣ ደሞ ጋዜጣ፣ ከዛ ከአልጋው ራስጌ በላይ ሰማያዊ ባህር። ገጽ 22 እና 23 ጎን ለጎን ወደ ውጭ ዞረው፣ ቀለማቸው ሳስቷል፣ ጥቀርሻ አለባቸው፣ ግን አሉ። ቡቺም አለ። የአማርኛ ቁራጮቹም እንደተለጠፉ ናቸው።

እትዬ ልጁ እዛ አልጋ ላይ ይተኛ እንደነበርና እያየው እንዲተኛ ራሳቸው እንደለጠፉለት ነገሩኝ። እንዴት እንደሚላቀቅ ከማሰቤ በፊት ይላቀቅ ወይ የሚለውን ጠየቅኳቸው፣ የሳቸው ግድግዳ ነው። «ያንተ ከሆነ ውሰደው፣ ግን ልጄ 7 ብይ ይለኝ ነበር» አሉ። ያውቃሉ ማለት ነው።

የለጠፉት በዱቄት ሙጫ በመሆኑ ዕድለኛ ነኝ። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ጨምቄ ላዩ ላይ አሳረፍኩ፣ 10 ደቂቃ፣ ቀይሬ ደሞ 10 ደቂቃ። መጽሐፍ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የአጥንት ቢላ ስለሌለኝ የፕላስቲክ ማስመሪያ ጠርዙን አሾልኬ ነው የገባሁበት። በላይኛው ግራ ጥግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጣት ያህል እሺ አለ፣ ከዛ ጭቃው አብሮ መምጣት ጀመረ። ወረቀቱን ከጭቃው መለየት አልቻልኩም፣ ስለዚ ጭቃውን ይዤ ማውጣት መረጥኩ፣ ቀስ እያልኩ ከኋላው ያለውን ጭቃ በስስ እየፋቅኩ። 3 ሰዓት ፈጀ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ቡና አፍልተው ሁለተኛው ላይ ደርሰን ነበር በካርቶን ላይ ስቀበለው። ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ማክሰኞ መጥቼ በአዲስ ወረቀት እለጥፍላቸዋለሁ።

ብዮቹን ይዤ ነበር የሄድኩት፣ አመዴ ገበያ ነው የገዛሁት። ረጅሙ በቪዲዮ ላይ ነበር፣ የሱን ድርሻ የወንድሙ ልጅ እንዲቀበል አዘዘ። ልጁ መሬት ላይ ደረደራቸው፣ አንድ በአንድ አንስቶ ወደ መብራቱ እያረገ አየ። አምስተኛውን መለሰልኝ። «ይሄ የተሸረፈ ነው» አለ። ረጅሙ በስልኩ ውስጥ «አትቀበል» አለው። ከኪሴ ሰማያዊዋን አውጥቼ ሰጠሁት።

የካቲት 10፣ ሰኞ ማታ

ወረቀቱ በካርቶን መሃል ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጭቃ ሲደርቅ በብሩሽ መርገፍ ጀምሯል፣ ገጽ 24 ላይ የአንድ ሰው ኮፍያና የንግግር ሳጥን ግማሽ ታየ፣ ከሳጥኑ ላይ «ደረስን» የሚል በእርሳስ የተጻፈ አለ፣ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ገና አልለየሁም። ካርቶኑን ቀይሬ የእማዬን ሙቀጫ ላዩ ላይ መልሼ ጫንኩበት።